ጎደሬው እስኪበስል

አስካለች ከእናቷ ኋላ ኋላ እየተንሸራተተች ዳገቱን ትወጣለች። ከፊታቸው የሚሄደው አብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን በሁለት ትከሻው ላይ እንደ ቀንበር አግድሞታል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ከአማርኛ "ፍጠኑ" የምትለዋን ቃል ብቻ የተማረ ይመስል በየአሥር እርምጃው ይደግማታል። የመጋቢት ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። እናቷ ሚርያም ዓመት ተመንፈቅ የሆነውን እንድርያስን አዝላ፣ የእግሯን ጣቶች ጭቃው ውስጥ እንደ ችካል እየተከለች ትራመዳለች። አንዴም አላዳለጣት። አስካለች ግን ሁለቴ ወድቃለች፤ ሁለቴም ከመነሳቷ በፊት መንገዱን ሰድባለች።

ወዴት እንደሚወስዷቸው ብትጠይቅ የሚመልስላት አጣች። ለሠርግ ከሆነ ልብስ እንቀይር ብላም ነበር። የፊተኛው ዞር ብሎ አያትና፣ "ሰፋሪዎቹ ዘንድ ስትደርሺ ሠርጉን ታይዋለሽ" አላት። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ዝም ማለት ለአስካለች ከዳገቱ ይልቅ የሚያደክም ሥራ ነበር።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ነው። ድርቅ ከወሎ የነቀላቸው ሰዎች በመንግሥት አውቶቡስ ተጭነው መጥተው፣ ከሚዛን ተፈሪ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ በቡናና በእንሰት መካከል ባለው ጋራ ላይ ከሰፈሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ጎጆዎቹን የቀለሱላቸው የአገሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ወደው ግን አይደለም። የአስካለች አባትም ለሌላ የሰፋሪ ቤት ሥራ ከነመጥረቢያው ወደ ሸኮ ተወስዶ ገና አልተመለሰም። የአገሩ ሰው ሰፋሪውን መሬቴን ሊወርስ የመጣ ብሎ በጎሪጥ ያየዋል። ሰፋሪው ደግሞ የአገሩ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍናል። በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው አስካለች ነበረች። ሚዛን ተፈሪ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማረች ቤንችኛውንም አማርኛውንም ታቀላጥፈዋለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ምላሷ ግን ሃያ ሳይሞላው አልቀረም።

ጋራው አናት ላይ ሲደርሱ ሰፋሪው ሁሉ ባንዲራው ሥር ክብ ሠርቶ ቆሟል። ከቆርቆሮው ቢሮ ደጃፍ ጠረጴዛ ወጥቶ፣ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ሳህሉ በካኪ ልብሱ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ኮከቡን ሰክቶ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ፊት ወሰንየለሽ የምትባለዋ ሰፋሪ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ባዘዘው የሚባለው ባሏ ዱላውን ተመርኩዞ ከራስጌዋ ቆሟል። ልጁ ገብረወልድ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከንፈሩ አብጦ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ምላሱን በጣቶቹ ይቧጥጣል። ያለቅሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። እግራቸው ሥር አንድ የጠቆረ ድስት ተቀምጧል፤ አጠገቡ እናቷ ትናንት የሰጠቻቸው ቅርጫት አለ።

አስካለች ድስቱ ውስጥ ያለውን ተንጠራርታ አየች። ትናንት ከጓሯቸው የተቆፈረው ሥር፣ ጎደሬ ነበር።

ጓድ ሳህሉ ጉዳዩን እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አድርጎ ተናገረ። የእህል መኪና ጭቃ ይዞት ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል፤ ሰፋሪው ርቦታል። ይህች ሴት ትናንት አመሻሽ ላይ ሳትጠየቅ ምግብ ይዛ መጣች፤ ዛሬ ጠዋት ሕፃኑ ያንን ቀመሰ፤ ከቀመሰ ወዲህ ሲንፈራገጥ አረፈደ። አባትየውም ጫፏን ነክሶ ጉሮሮውን እሾህ እንደወጋው ተናግሯል። ስለዚህ ነገሩ የሰፈራውን ዓላማ ለማደናቀፍ የተሸረበ ይመስላል። በዚያ ላይ የሴትየዋ ባል መንግሥት ያሸገው የጴንጤ ቤተ ጸሎት ዘማሪ እንደነበረ መዝገብ ላይ አለ። ጓድ ሳህሉ ይህን ሲል ብዕሩን በወረቀቱ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

"የጣቢያው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሚዛን ይሄዳል። ሴትየዋ አብራ ትሄዳለች፤ አውራጃው ይመርምራት። ጡት የሚጠባ ልጅ ግን እስር ቤት አይገባም፤ እዚሁ ይቀራል። ንገሪያት።"

አስካለች ነገረቻት። ሚርያም እጆቿን ወደ ኋላ ልካ የእንድርያስን መቀመጫ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

ትናንት የሆነው እንዲህ ነበር። ሚርያም እንጨት ለቅማ በሰፈሩ በኩል ስታልፍ፣ ይህ ልጅ የጎጆውን የጭቃ ምርጊት እየፈለፈለ ሲበላ አየችው። ወዲያው ቤቷ ገብታ ከጓሮ ጎደሬ ቆፈረች፤ በቅርጫት ሞልታ፣ ከምሳዋ የተረፈውንም የበሰለ በቅጠል ጠቅልላ፣ አስካለችን ለአስተርጓሚነት ይዛ ተመለሰች። በወሰንየለሽ ደጃፍ ቁጭ ብላ የበሰለውን እያላመጠች፣ እንደ ቅቤ ሲልም ከአፏ አውጥታ እንድርያስን በጣቷ አጎረሰችው። በነሱ አገር ጥርሱ ያልጠና ልጅ ጥርስ የሚዋሰው ከእናቱ ነው። ገብረወልድ አፉን ከፍቶ ሲጠጋት ለእሱም አንድ ጣት አቀመሰችው። ያኔ ነው ወሰንየለሽ ልጇን ነጥቃ አፉን በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችው። አንዴ ጠርጋ ብትተው ደግ ነበር። ሁለቴ ጠረገችው።

ሚርያም ያላየች መሰለች። አስካለች ግን ሁለተኛዋን መጥረግ ቆጥራ ያዘችባት።

ከዚያ እናቷ አሠራሩን ማስረዳት ጀመረች። ልጣጩን በደረቅ እጅ ግፈፉት፤ በአመድ እሹት፤ እጠቡት፤ ድስቱን በእንሰት ቅጠል ድፈኑት። ፀሐይ ከዋንዛው ዛፍ ወዲህ ሳትሻገር አትክፈቱት፤ ስንጥር ቢገባለት አይሸንግላችሁ፣ ጎደሬ ውጪው በስሎ ውስጡ ጥሬ ነው። ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ትልቅ ሰው ይቅመሰው። ሚርያም ይህን ሁሉ በእጇም በአፏም፣ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብላ ስትናገር ረጅም ጊዜ ወሰደባት። አስካለችም ጎደሬ መቀቀል የማያውቅ ሰው መኖሩን ልትቀበል ስላልፈለገች፣ ንዴቷም ገና ስላልበረደላት፣ ሁሉንም ጨምቃ እንዲህ ብላ ተረጎመች፦

"ቀቅላችሁ ብሉ ብላለች።"

"ያን ሁሉ አውርታ ይችን ብቻ ነው ያለች?" ብላ ነበር ወሰንየለሽ፣ ዐይኗን እያጠበበች።

"እናቴ ወሬ ትወዳለች" ብላ መለሰች አስካለች።

አሁን ባንዲራው ሥር የቆመችው አስካለች ያችን መልሷን መዋጥ ቢቻል ትውጣት ነበር። ወሰንየለሽ ቃሏን ስትሰጥ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በዚያው ዞረ። ሴትየዋ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብላ አጉተምትማበታለች አለች። ብዙ ነው ያጉተመተመችበት፤ እጇንም ከወዲያ ወዲህ አመላልሳለች፤ ልጅቱ ግን የተረጎመችው ሦስት ቃል ብቻ ነው። የቀረው ምን ነበር? ለማን ነበር? ሰፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት አሮጊት አማተቡ።

ጓድ ሳህሉ ወደ አስካለች ዞረ። "ምን ብላ እንዳጉተመተመች ጠይቂያት።"

ጠየቀቻት። ሚርያም ልጇን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያም በቤንችኛ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "ስለ አመዱ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ፀሐዩ የነገርኩሽን አልነገርሻቸውም?" አለቻት።

"ምን አለች?"

አስካለች እውነቱን ብትናገር ጥፋቱ ከእናቷ ራስ ወርዶ የሷ ራስ ላይ ሊያርፍ ነው፤ ጓድ ሳህሉ ብዕሩን ደግኗል፣ መኪናውም እዚያ ቆሟል። ፈራች። "ምንም አላልኩም አለች" ብላ ተረጎመች።

ሚርያም ከአማርኛ የምታውቀው "ና" እና "ሂድ" የሚሉትን ብቻ ነው። የልጇን ፊት ግን ከወለደቻት ቀን ጀምሮ ታነባለች። አንገቷን አንዴ ነቀነቀች።

"እንግዲያው መርዝ ካልሆነ መፈተኛው ቀላል ነው" አለ ጓድ ሳህሉ። በሰንጢው ከድስቱ አንድ ቁራጭ ወግቶ አወጣና ለሚርያም ዘረጋላት። "ለራሷ ልጅ ታጉርስ።"

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሚርያም ቁራጩን ተቀበለች። በአውራ ጣቷ ጨመቅ አድርጋ ውስጡን አየች፤ መሐሉ እንደ ጥሬ ድንች ነጭ ነው። መልሳ ድስቱ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ እንድርያስን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ በግራ መዳፏም አፉን ከደነችው።

"አያችሁ" አለ ባዘዘው። ጮክ ብሎ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ክቡን ዞሮ መጣ። ጓድ ሳህሉ መጻፍ ጀመረ።

አስካለች ያኔ ነው የፈነዳችው። ጥፋቱ የኔ ነው አለች፤ እናቴ ሁሉንም ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ጎደሬ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፤ መርዝ አይደለም፣ ባሕርዩ ነው። እሷ አሁን እንቢ ያለችው ጥሬ መሆኑን አይታ ነው። ቃላቱ እየተደናቀፉ፣ አንዱ ያንዱን ተረከዝ እየረገጠ ወጡ።

ጓድ ሳህሉ ከወረቀቱ ቀና አላለም። "ቅድም ምንም አላለችም አልሽ። አሁን ሁሉን ነግራኛለች አልሽ። የቱን ልጻፍ?"

የሚጻፈው የቱ እንደሆነ አስካለችም ገባት። ልጅ ለእናቷ ትዋሻለች፤ ደግሞም ዋሽታለች፣ ሁሉም ሰምቷል። ከእንግዲህ ከአፏ የሚወጣ ነገር ዋጋ የለውም። የቀራት ወደ አፏ የሚገባው ነበር።

ጎንበስ ብላ ከድስቱ ትልቁን ቁራጭ አነሳችና ጎረሰችው። ሰዉ ሳይነቃ ሁለተኛውን ደገመች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ የጎደሬ ጣዕም፣ ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀው። ከዚያ ሳማ ምላሷ ላይ በቀለ። ከምላሷ ወደ ላንቃዋ፣ ከላንቃዋ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ከንፈሯ እየከበዳት መጣ። መናገር ፈለገች፤ የወጣው የበሬ ሳል ነበር። ለሃጯ አገጯን ሲያልፍ ተሰማት፤ እፍረት ሳያግዳት ምላሷን በአሥር ጣቷ ትቧጥጠው ጀመር። ሁለቱን ወገን የምታገናኘው ምላስ ይህችው አንዷ ነበረች፤ እሷም ታጠፈች።

"ይቺም ልትሞት ነው" አለ አንዱ ጠባቂ፤ ወደ ኋላም አፈገፈገ።

ወሰንየለሽ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ልጅ አየች፤ አስካለችን አየች፤ እንደገና ልጇን አየች። አንድ ዓይነት ከንፈር፣ አንድ ዓይነት ለሃጭ፣ አንድ ዓይነት መቧጠጥ። ልጇን ለባሏ አስታቅፋ ተነሳችና ጎጆዋ ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ የቆርቆሮ ኩባያ፣ በሌላው የተቋጠረ ጨርቅ ይዛ ነበር። ጨርቁን ስትፈታው የዱቄት ወተት ነው፤ ከሁለት ማንኪያ አይበልጥም።

"ይህ ከየት መጣ?" አለ ባዘዘው።

"ከአንተ ከተደበቀበት" አለችው። በውሃ በጠበጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የአስካለችን ራስ ጭኗ ላይ አጋደመች፤ የግራ መዳፏን እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ አጥፋ ከንፈሯ ላይ ደገነች፤ ወተቱን በመዳፏ ላይ እያንቆረቆረች ወደ ጉሮሮዋ ለቀቀችው። ወሎ ውስጥ ጨቅላ አብሽ የሚጋተው እንዲህ ነው። አስካለች በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ፊት፣ እንደ አራስ ልጅ ተጋተች። ተንፈራገጠች።

"ዋጪ" አለቻት ወሰንየለሽ። "የኔም እንዲህ ነው የሆነ። ዋጪ።" ልጇን ከባሏ ተቀብላ የቀረውን አጠጣችው። ቀና ብላም ሚርያምን ረጅም ሰዓት አየቻት። በዐይኗ ውስጥ እምነት አልነበረም፤ ጥያቄ ግን ገብቶበታል።

ሚርያም አስተርጓሚ እንደሌላት ሲገባት በእጇ ተናገረች። ቅርጫቱን አሳየች፤ እስከ ግማሹ ድረስ ጥሬ ጎደሬ አለበት። ምድጃውን አሳየች። ከዚያ ወደ ፀሐይ ጠቆመችና ጣቷን ቀስ አድርጋ ከዋንዛው ዛፍ አናት ወዲህ አሻገረችው። ጓድ ሳህሉ ሰዓቱን አየ። ሾፌሩ ጎማውን ከጭቃ እስኪያወጣ ጊዜ አለ አለ፤ ግን እያንዳንዷ ነገር በሰው ፊት ትሁን።

በሰው ፊት ብቻ ሳይሆን በባዘዘው አፍንጫ ሥር ሆነች። እንዳትለውጥ ብሎ ጎደሬዎቹን ከቅርጫቱ የመረጠው እሱ ነው፤ ውሃውን የቀዳውም እሱ ነው። የእንሰቱን ቅጠል ከፊት ከኋላ አሸተተው። ሚርያም ከምድጃ አመድ ስትዘግን ግን እጇን ያዛት፤ ይህ ጥንቆላ ነው አለ። ሚርያም አመዱን ዘረጋችለት። እሱም ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረና ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። አመድ ነበር። ሰው መሳቅ አማረው፤ ማንም ግን ቀድሞ ለመሳቅ አልደፈረም።

ድስቱ ተደፈነ። እሳቱ ነደደ። ገብረወልድ ማልቀስ ትቶ እንቅልፍ ወሰደው። አስካለች ጉሮሮዋ እየነደደ፣ እናቷ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ በጠባቂዎቹ መካከል ፀሐይዋን ስትጠብቅ ታያለች። እናቷ አንዴም ወደሷ አላየችም። ከሳማው ይልቅ የበላት እሱ ነበር።

ፀሐይዋ ዋንዛው አናት ላይ ስትደርስ ባዘዘው ትዕግሥቱ አለቀ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ በስንጥር ወጋ፤ ስንጥሩ ሰተት ብሎ ገባ። "በስሏል" አለ። ሚርያም የእጁን ጀርባ በማማሰያ ጠፍ አደረገችውና ቅጠሉን መለሰችው። ባዘዘው ስንጥሩን ይዞ ቀረ። ቆይቶ ለሚስቱ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ፣ "ጠዋትም እንዲሁ ነው የገባልኝ" አላት። "ልጁ ሲያለቅስ አላስቻለኝም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።"

ፀሐይዋ ተሻገረች። ሚርያም ድስቱን ከፈተች። አንድ ጎደሬ ገምሳ መሐሉን ለሁሉም አሳየች፤ ነጩ ጠፍቶ ወይን ጠጅ መስሏል። ጎረሰች። አላመጠች። ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችውና እንድርያስን አጎረሰችው። እንድርያስ ዋጥ አድርጎ አፉን እንደገና ከፈተ።

ጓድ ሳህሉ ፊቱን አዞረ። "ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው" አለ።

ወሰንየለሽ ከዚያው ጎደሬ ገመሰች። ለልጇ ግን አልሰጠችም። ራሷ ጎረሰችና አላመጠች፣ አላመጠችና ሳትውጠው በጉንጯ ይዛ ጠበቀች። ሳማው እስኪመጣ ነው የጠበቀችው። ሰፋሪው ሁሉ ጉንጯን ያያል። ጠባቂዎቹም ያያሉ። ሳማው አልመጣም። ገብረወልድ ነቅቶ፣ ሽታው ስቦት፣ በእናቱ ደረት ላይ ተንጠላጠለና ጣቱን በከንፈሮቿ መካከል አስገባ። ልትከለክለው እጇን አነሳች። እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ጎንበስ አለችና ያላመጠችውን ከአፏ ወደ ጣቷ፣ ከጣቷ ወደ አፉ አደረገችለት።

ይህን ጊዜ ባዘዘው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓድ ኃላፊ፣ ኋላ ቀር ስላሉት" አለ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ስንመጣ ሚስቴ ታማ በሌላ አውቶቡስ ነበረች። አራት ቀን ልጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያለን ቆሎ ነበር፤ ቆሎ ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል።" የቀረውን አልጨረሰውም። ወሰንየለሽ ልጇን ማጉረሷን ሳታቆም ቀና ብላ አየችው፤ የወተቱን ቋጠሮ የደበቀች ሴት፣ ከሷም የተደበቀ ነገር እንደነበረ ስታውቅ የምታየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ጓድ ሳህሉ ወደ ሾፌሩ እጁን አወዛወዘ፤ መኪናው ባዶውን ወደ ሚዛን ሄደ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም። በአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቁልፉንም ቆለፈበት።

ሰዉ ሲበተን ወሰንየለሽ አስካለችን ጠራቻት። አስካለች "እትዬ" ለማለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ።

"እናትሽን ጠይቂልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ነው የሚሠራ? አሁን ምንም እንዳታስቀሪ፤ እጇን እያየሁ ነው።"

ሚርያም ተናገረች፤ ረጅም ተናገረች። አስካለችም በዚያ በተላጠ ጉሮሮዋ፣ በየቃሉ ምራቋን እየዋጠች፣ ደረቁን እጅ፣ አመዱን፣ ቅጠሉን፣ ፀሐዩን፣ የማይታመነውን ስንጥር፣ ቀድሞ የሚቀምሰውን ትልቅ ሰው ሁሉንም ተረጎመች። እናቷ በመጨረሻ ወደሷ ዞር ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን አይታ፣ አንድ ነገር ጨመረች። ይህን አስካለች አልተረጎመችውም።

"ምን አለች?" አለች ወሰንየለሽ።

"ተዪው፤ ስለ ጎደሬው አይደለም።"

"ምን አለች?"

አስካለች ምራቋን ዋጠች። "ይህቺ ልጄ ምላሷ የሚረዝመው በማይፈለግበት ቦታ ነው፤ የሚያጥረውም በሚፈለግበት ቦታ ነው። ጎደሬ እንኳ ሲቆይ ይበስላል፤ እሷን ምን ያህል እንደምቀቅላት አላውቅም ብላለች።"

ወሰንየለሽ ሚርያምን አየቻት፤ አስካለችን አየቻት፤ ከልጇ አገጭ ላይ የጎደሬ ፍርፋሪ በጣቷ አነሳችና ወደ ራሷ አፍ ከተተች።

"ካለችው ሁሉ" አለች፣ "ይችን አምናታለሁ።"